የአደን ጠመንጃ ሰደፍ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል የጉንጭ ማሳረፊያ፤ ብረቱ ስዊድን፣ እንጨቱ ደሴ

የሰኞ ገበያ አናጢ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ አናጢነት ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን። ዛሬ የምጠይቃችሁ ግን ከነዚህ ሁሉ የራቀ ነው።

የእህቴ ልጅ ስዊድን ይኖራል። እዚያ ሄዶ አዳኝ ሆነ። ዝም ብሎ አይደለም፤ የአዳኝነት ፈተና ተፈትኖ፣ የመሣሪያ ፈቃድ አውጥቶ ነው። ሙስ የሚሉትን ትልቅ የአጋዘን ዘር ያድናሉ። ወንዱ ከ400 ኪሎ ያልፋል አለኝ። ሥጋውን ተካፍለው ዓመቱን ሙሉ ይበሉታል። ሰሞኑን ለእረፍት መጣና ሻንጣውን ሲፈታ ከቸኮሌቱ ሥር የጠመንጃ ሰደፍ መዘዘ። እህቴ ክው ብላ ቀረች። እንጨት ብቻ ነው። ብረቱና ማነጣጠሪያ መነጽሩ እዚያው አገር ካዝና ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።

ጠመንጃው በ1950ዎቹ የተሠራ ሁስቫርና ነው፤ 6.5×55 የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ። እኔ ሁስቫርናን የማውቀው በሞተር መጋዝ ነው። ለካ ቤቱ ከ1689 ጀምሮ ጠመንጃ ሲሠራ የኖረ ነው፤ የሞተር መጋዝ የጀመረው ገና በ1959 ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ግንደላ የሚሠራው ጎረቤቴ ይህን ስነግረው አላመነኝም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ይህ ሰደፍ የተሠራው ያለ መነጽር፣ በብረቱ ላይ ባለው ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው ነው። ስለዚህ ጉንጭ የሚያርፍበት ጀርባው ዝቅ ያለ ነው። ልጁ ግን መነጽር አስሮበታል። መነጽር ደግሞ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ጉንጩ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ዓይኑ መነጽሩን ያጣዋል። ዓይኑ መነጽሩን ሲያገኝ ጉንጩ አየር ላይ ይቀራል፤ በአገጩ ብቻ ተደግፎ ይተኩሳል። እና የሰደፉን ጀርባ ቆርጠህ በሁለት የብረት ዘንግ ላይ ከፍ ዝቅ እንዲል አድርገህ ሥራልኝ ይላል። የተሠራ አሳይቶኛል በስልኩ። የሚያምር ነገር ነው።

መቁረጡ አያስፈራኝም። የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ ዘንጎች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ፍጹም ትይዩ ካልሆኑ ነገሩ መሀል ላይ ይነክሳል። እኔ ያለኝ የእጅ መሰርሰሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ስንት ሴንቲ ከፍ ማለት እንዳለበት በምን ልወቅ? በእጄ ያለው ሰደፉና የልጁ ፊት ነው። መነጽሩ የለም፣ ብረቱ የለም።

አንድ ወዳጄ ደግሞ "ምን አስቆረጠህ፣ ቆዳና ስፖንጅ እሰርበትና ተገላገል" አለኝ። እንጨቱ ዋልነት ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ጅማት አለው፤ ስቆርጠው ጅማቱ ለሁለት ይከፈላል። እውነቱን ለመናገር እሱ ያሳሳኛል። ምን ትላላችሁ?


ቦርከና ቶርኖ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? እኔ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፤ ትይዩ ቀዳዳ ግን እንጀራዬ ነው።

በእጅ መሰርሰሪያ እንዳይሞክሩት። ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ላዩን እኩል ቢመስሉ እንኳ ወደ ውስጥ ሲገቡ ትንሽ ከተለያዩ፣ ማሳረፊያው ዝቅ ሲል ይጠብቃል፣ ከፍ ሲል ይላላል። የቆመ መሰርሰሪያ ያስፈልጋል። ሰደፉ ደግሞ የተጣመመ ነገር ስለሆነ ሞርሳ በቀጥታ አይዘውም። ከጣውላ ቅርጹን የተከተለ ማቀፊያ ይሥሩለትና እሱን እናስረዋለን።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ይሰርስሩ፣ ከዚያ ይቁረጡ። ከጀርባው ላይ ወደ ታች፣ በመሀል መስመሩ፣ ሁለቱንም በአንድ እስር ይብሷቸው። ከዚያ በመጋዝ ሲለዩት የላይኛውና የታችኛው ቀዳዳ ራሱ በራሱ ይገጥማል። ላይ የሚቀረውን አፍ ከዚያው እንጨት በተቆረጠ ውታፍ ይደፍኑታል።

ዘንጉን 10 ሚ.ሜ. ስቴይንለስ አድርጉት። ታች እንጨቱ ውስጥ የነሐስ ቦኮላ፣ ማለትም ዘንጉን የሚያቅፍ አጭር ቱቦ፣ እናስገባለን፤ ዘንጉ የሚንሸራተተው በነሐሱ ውስጥ ነው። እንጨት በእንጨትነቱ ከተተወ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ እንደ ክረምት መሳቢያ እምቢ ይላል። ማጥበቂያው ከጎን የሚገባ 6 ሚ.ሜ. ብሎን ይሁን፤ በቀኝ በኩል፣ ጉንጭ በማያርፍበት። ፊቱ በግራ ነው የሚተኛው አይደል?

ሰደፉ በጀርባው በኩል ስንት ሚ.ሜ. ይወፍራል?


የሰኞ ገበያ አናጢ (ደሴ)

ተባረክ። ከላይ 36፣ ወደ ታች ሲወርድ 42 ገደማ ነው። ዘንጉ መሀል ላይ ከሆነ ግራና ቀኝ አሥራ ምናምን ሚሊ ይቀረዋል። ይበቃል።

ብሎኑ ግን በግራ ነው የሚሆነው። ልጁ ግራኝ ነው። ጉንጩ በቀኝ ይተኛል።

መሰርሰር ይቅደም ያልከውን ሳስበው አደርኩ። ላዩ ላይ ሁለት ውታፍ ይታያል፤ እሱን አልወደድኩትም። እኛ ጋ የጠረጴዛ እግርና የላይ ጣውላ መጋጠሚያ የምናገኝበት ሌላ መንገድ አለ። ታቹን ብቻ እበሳለሁ። ቀዳዳው ውስጥ ጫፉ የሾለ አጭር ብረት አስቀምጣለሁ። የተቆረጠውን ቁራጭ ገጥሜ ሳንኳኳው ሹሉ ቦታውን ራሱ ይነግረኛል። ከዚያ ቁራጩን ከሥሩ እሰረስራለሁ፤ ላዩ ንጹሕ ይቀራል።


ቦርከና ቶርኖ (ኮምቦልቻ)

ያስኬዳል። ግን ቦታውን እንጂ አቅጣጫውን አይነግርዎትም። ቁራጩ ሲሰረሰር የተቆረጠው ፊቱ ለመሰርሰሪያው ጠረጴዛ ትይዩ መሆን አለበት። ሹሎቹን እኔ በቶርኖ አወጣልዎታለሁ፤ ልክ 10 እንዲሆኑ። ለግራኝ ከሆነ ብሎኑ በግራ፣ ትክክል ነዎት።


የጎተንበርግ ወሎዬ

አገሬ ሰዎች! ደሴ ስለ ሁስቫርና ሲወራ አየሁና ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኔም እዚሁ ስዊድን ነኝ፣ እኔም አድናለሁ፣ ተመሳሳይ ጠመንጃ አለኝ። አባ፣ የልጅዎ ችግር የሁላችን ነው። የዚያ ዘመን ሰደፍ ሁሉ ጀርባው ዝቅ ያለ ነው።

ለምን እንደሚያስጨንቀው ልንገርዎት። እዚህ የሙስ አደን በሰሜኑ በሴፕቴምበር፣ በደቡቡ በኦክቶበር ይጀምራል። እያንዳንዱ ሰው ቦታ ተሰጥቶት ይቆማል። ውሻ ጫካ ውስጥ ገብቶ ያስነሳዋል። ረጅም ሰዓት ምንም የለም፤ ከዚያ ድንገት ከዛፍ መሀል ብቅ ይላል። ያን ጊዜ አንገትህን እየሰበቅህ መነጽር የምትፈልግበት ፋታ የለህም። ጠመንጃው ትከሻ ሲነካ ዓይን መነጽሩ መሀል ላይ መገኘት አለበት። ለዚህ ነው ከአደኑ በፊት 80 ሜትር ላይ በሚሮጥ የሙስ ምስል የምንለማመደው። ባልተመቸ ሰደፍ ተኩሶ እንስሳ አቁስሎ መልቀቅ እዚህ ትልቅ ነውር ነው።

አሁን ከቶርኖው ወንድሜ የቀረ አንድ ነገር። ይህ ጠመንጃ ጥይት የሚያጎርሰው መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ በመሳብ ነው። መቀርቀሪያው ሲሳብ በሰደፉ ጀርባ አፍንጫ ላይ እያለፈ ነው የሚመጣው። የጉንጭ ማሳረፊያው ወደፊት በጣም ከቀረበና ከፍ ካለ፣ መቀርቀሪያው ይጋጨዋል። ሁለተኛ ጥይት ማጉረስ አይቻልም ማለት ነው። የኔን ለክቼዋለሁ፦ ብረቱ እንጨቱ ላይ ከሚያልቅበት የኋላ ጫፍ ጀምሮ መቀርቀሪያው 10 ሴንቲ ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። የእርስዎ መቁረጫ መስመር ከዚያ በኋላ ይጀምር፤ ለጣትም ትንሽ ይተዉለት። ለማጽዳት መቀርቀሪያው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ግን ከዚያም በላይ ይሄዳል። ያን ጊዜ ማሳረፊያውን ዝቅ ማድረግ ወይም ነቅሎ ማውጣት ነው። ስለዚህ ዘንጎቹ ተነቃይ ይሁኑ።

ሌላው ቁልቁለቱ ነው። የማሳረፊያው የላይ ፊት ወደፊት ሲሄድ በትንሹ ዝቅ እያለ ይሂድ። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ፊቱ ወደ አፈሙዙ ዝቅ ያለ ከሆነ ሲራገጥ ከጉንጭ ይርቃል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ጉንጭን ይመታል። 6.5×55 ለትከሻ የዋህ ነው፤ ለጉንጭ ግን የዋህ አይደለም።

የመነጽሩን ከፍታ ሚስቱ ትለካለት እንዳልል እሷም ካዝናውን መክፈት አትችልም። ፈቃድ ያለው እሱ ነው፤ ቁልፉም ከሱ ጋር መሆን አለበት።


ቦርከና ቶርኖ (ኮምቦልቻ)

ከፍታውን በፎቶ ማግኘት ይቻላል! ልጁ ጠመንጃውን ከጎን ያነሳበት ፎቶ ስልኩ ላይ አይጠፋም። የመነጽር ቱቦ ውፍረት የታወቀ ነው፤ ወይ 25.4 ወይ 30 ሚ.ሜ. ነው። የትኛው እንደሆነ እሱ ያውቃል። ፎቶውን አትሙት። ባለ 30ው ቱቦ ወረቀቱ ላይ 6 ሚ.ሜ. ከወጣ፣ አንዷ ሚሊ 5 ሚሊ ናት ማለት ነው። ከዚያ ከቱቦው መሀል እስከ እንጨቱ የላይ ጠርዝ በማስመሪያ ይለኩና በ5 ያባዙ። ፎቶው ከትክክለኛ ጎን የተነሳ ይሁን እንጂ።

ያንን ካገኙ በኋላ የውሸት መነጽር ይሥሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ፣ 30 ሴንቲ ያህል። በጣውላ ላይ አስረው ብረቱ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በዚያው ከፍታ ያቁሙት። ልጁ ሰደፉን ትከሻው ላይ ያድርግና ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን እንደተመቸው ያሳርፍ። ከዚያ ዓይኑን ይክፈት። የቱቦው የቅርብ አፍና የሩቅ አፍ አንዱ በሌላው መሀል ላይ ክብ ሆነው ከታዩት ልክ ነው። ካልታዩት ከጉንጩ ሥር ካርቶን እየደራረቡ ያስተካክሉ።


የጎተንበርግ ወሎዬ

አንተ ሰው እጅህ ይባረክ። ይህን እዚህም ያሰበው የለም። ሁለት ነገር ልጨምር። ሙከራውን የአደን ጃኬቱን ለብሶ ያድርገው። ወፍራም ጃኬት ሰደፉን ከትከሻ ያርቀዋል፤ ዓይንና መነጽር ይራራቃሉ። በዓይንና በመነጽሩ መሀል 8 ወይም 9 ሴንቲ ያህል መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ ሲራገጥ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብ ይተረትራል።

ሌላው፣ ላዩ ላይ ብረት እንዳይኖር። እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ጉንጭ በብረት ላይ ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝ።


ጦሳ ሥር

ወንድሞቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ወታደር ነኝ። አንድ ነገር ግን ላስታውስ፤ ይህን ያነበበ ጎረምሳ ነገ የአያቱን ጠመንጃ ይዞ አናጢ ቤት እንዳይሄድ። አገራችን አዋጅ አላት፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን በፈቃድ ነው። የስዊድኑ ልጅ ያለ ብረት እንጨት ይዞ መምጣቱ ሌላ ነገር ነው። ሲመለስም ሰደፉን በእጅ ሻንጣ እንዳይዝ፤ በጭነት ይላከው፣ አየር መንገዱንም ቀድሞ ይጠይቅ። ኤርፖርት ላይ ማን ምን ያውቃል።

ሌላ፣ ሁሉም ሰደፍ አይበሳም። የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ ሰደፉ ውስጥ ከኋላ እስከፊት ረጅም ብሎን ያልፍበታል፤ እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያስረው እሱ ነው። መሰርሰሪያ ብትሰዱበት ብሎኑን ነው የምታገኙት። አንዳንዱ ደግሞ ከኋላ የማጽጃ ዕቃ ማስቀመጫ ጉድጓድ አለው። አናጢው ወንድሜ፣ የሰደፉን የኋላ ሽፋን ፍታና ውስጡን እይ።


የሰኞ ገበያ አናጢ (ደሴ)

ጋሽ ጦሳ፣ ፈትቼ አየሁ። ውስጡ ድፍን ነው። የኤርፖርቱንም ለልጁ ነግሬዋለሁ።


ቆዳ ሰፊዋ (ደሴ)

ጋሽዬ፣ ቆዳ ማሰሩን ለምን ናቁት? ከፍየል ቆዳ ከረጢት ሰፍቼ፣ ውስጡ ጠንካራ ስፖንጅ ደራርቤ፣ በማሰሪያ የሚጠብቅ ማድረግ እችላለሁ። ዋልነቱ አይነካ፣ ጅማቱም አይከፈል። ሰውዬው ሲሰለቸው ይፈታዋል።


የሰኞ ገበያ አናጢ (ደሴ)

እታለም፣ አልናቅሁትም። የልቤን ብትጠይቂኝ እኔም ወዳንቺ ነኝ። ለልጁ ነግሬው ነበር። ሞክሬዋለሁ አለኝ። እዚያ ዝናብ ይበዛል፤ ስፖንጁ ውኃ ይመጥጥና ጉንጩን ያረጥበዋል፣ ማሰሪያውም እየላላ ወደ ጎን ይዞራል። ከዚያ ደግሞ ያው ጠመንጃ ላይ አንዳንዴ መነጽሩን አውርዶ በብረቱ ማነጣጠሪያ ይተኩሳል። ያን ጊዜ ዝቅ፣ መነጽር ሲኖር ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። ቆዳው ይህን አያደርግለትም።

ያም ሆኖ ሥራ አለልሽ፤ ታች እነግርሻለሁ።

የቱቦውን ሙከራ አደረግነው። ልጁ የስዊድን ጃኬቱን ለብሶ ሱቄ በር ላይ ቱቦ የታሰረበት ሰደፍ ይዞ ወደ ጦሳ ተራራ ሲያነጣጥር የሰፈሩ ሕፃናት ተሰበሰቡ። አንዱ "ጋሼ፣ ይሄ ካሜራ ነው?" አለው። መነጽሩ ባለ 30 ነው። በፎቶው ስሌት የመነጽሩ መሀል ከእንጨቱ የላይ ጠርዝ 5 ሴንቲ ተኩል ላይ ወጣ። ካርቶን ስንደራርብ ክቦቹ የገጠሙት ጀርባው 22 ሚ.ሜ. ከፍ ሲል ነው። ፎቶ ፎቶ ነውና ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ስለዚህ ከዜሮ እስከ 35 ሚ.ሜ. እንዲሄድ አድርጌ ነው የምሠራው። ስዊድን ገብቶ ብረቱን ሲገጥመው ራሱ ያጠብቀዋል። ዘንጉ ላይ በየ5 ሚሊው ጭረት ይኑርበት፤ ቦታውን አንዴ ካገኘ በኋላ አይጠፋውም። ቦርከና፣ ይህን በቶርኖ ታወጣልኛለህ?

ደግሞ ዘንጉ ታች ሲገባ ቢያንስ 4 ሴንቲ ነሐሱ ውስጥ እንዲቀር አስቤያለሁ፤ ሙሉ ከፍ ባለበትም ጊዜ። አለዚያ ይወላገዳል።


ቦርከና ቶርኖ (ኮምቦልቻ)

አወጣለሁ። 35 መውጣት፣ 40 መቅረት፣ ቁራጩ ውስጥ ደግሞ 15 ያህል ተጣብቆ የሚገባ፤ አንዱ ዘንግ 90 ሚ.ሜ. ይሆናል። ታች ቀዳዳው 80 ጥልቀት ይሁን፤ ሰደፉ እዚያ ቦታ ላይ ስንት ቁመት እንዳለው ይለኩና ከሥር እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። በሁለቱ ዘንጎች መሀል 75 ሚ.ሜ. ይተዉ። ብሎኑ ዘንጉን በቀጥታ እንዳይነክሰው ጫፉ ላይ ቁራጭ ነሐስ አደርጋለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደኛ ሲወርዱ ሰደፉን ብርድ ልብስ ይጠቅልሉበት፤ የሚኒባስ ሰው ዓይን አያስፈልግም።


የሰኞ ገበያ አናጢ (ደሴ)

ወርጄ ተመልሻለሁ። ቀዳዳዎቹ ያምራሉ። ቁመቱ ፊተኛው ቀዳዳ ላይ ጠባብ ስለነበር የፊተኛውን ዘንግ አሳጠርነው፤ ጥልቀቱ 65 ብቻ ስለሆነ ሙሉ ከፍ ሲል ያሰብኩት 4 ሴንቲ አይቀርለትም። ኋለኛው እንደታሰበው ነው። ቦኮላዎቹን በኢፖክሲ አጣብቄያለሁ።

መቁረጫው ላይ ብዙ አሰብኩ። የኔ የእጅ መጋዝ ጥርሱ ወፍራም ነው፤ ሁለት ሚሊ ይበላል። ስለዚህ እዚያው ኮምቦልቻ ባንድሶ የሚሉት የማሽን መጋዝ ባለው እንጨት ቤት በቀጭኑ ምላጭ አስቆረጥኩት። አንድ ሚሊ ብቻ ነው የጠፋው። ጥቁሩ ጅማት ተከፈለ፣ ግን ሲዘጋ መጋጠሚያው በጭንቅ ነው የሚታየው። ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ አለዘብኳቸው።

አሁን የቀረው ቅባቱ ነው። የተልባ ዘይት ልቀባው አስቤያለሁ። እዚህ ከመጭመቂያ ቤት ጥሬው ይገኛል። ይደርቃል?


የጎተንበርግ ወሎዬ

ይደርቃል፣ ግን ጥሬው ይዘገያል፤ ቀናት ይፈጃል። በጣም በስሱ ይቀቡ፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ ሲደርቅ ይድገሙ። ወፍራም ከቀቡት እየተጣበቀ ይቀራል። የተቆረጡት ፊቶች ከላይም ከታችም በደንብ ይጠጡ፤ እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው። እዚህ ክረምት ቤት ውስጥ ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፣ ውጭ ደግሞ ዝናብ ነው፤ እንጨቱ ሲኮማተርና ሲያብጥ ይኖራል።

የቀቡበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ ላይ እንዳይጥሉት። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ታጥፎ ከተቀመጠ ራሱ ግሎ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ ሱቅዎ ደግሞ መላጊያ ፍቅፋቂ የሞላበት ነው። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።


የሰኞ ገበያ አናጢ (ደሴ)

ይህን አላውቅም ነበር። ጨርቁ አሁን ባልዲ ውስጥ ነው።

ቆዳ ሰፊዋ እታለም፣ የማሳረፊያው ላይ ስስ የፍየል ቆዳ ብናለብሰው ለጉንጩ ሞቅ ይላል፤ ያ የጠፋው አንድ ሚሊም በዚያው ይካካሳል። ዘይቱ ሲደርቅ ቁራጩን ይዤ እመጣለሁ። ሱቅሽ የት አካባቢ ነው?


ቆዳ ሰፊዋ (ደሴ)

ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር ሲወርዱ ነው፤ ሲደርሱ ማንንም ቆዳ ሰፊዋ ይበሉ። ቁራጩን ከነዘንጉ ያምጡት እንጂ ነቅለው አያምጡት። እየገጠምኩ ነው የምለካው።